የመኪናዬን የሪሞት ቁልፍ እንዴት እንደጠገንሁት

ባሕር ዳር ከጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ቁልፉ ከእጄ አምልጦ ጣና ውስጥ ከወደቀ ከሳምንት በኋላ፣ ሪሞቱ አንድ ቀን በሩን ይከፍት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጨርሶ ዝም ይል ጀመር። ሞተሩ ግን ያለችግር ይነሳ ነበር፤ ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ባትሪ አያሻውምና። ባትሪው አልቋል ብዬ አዲስ ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ብቀይርም ለውጥ አላመጣም፤ መጀመሪያ ውስጡን ማየት ነበረብኝ። ሽፋኑን በቀጭን ጠፍጣፋ መፍቻ ፈልቅቄ ሳየው፣ ባትሪው የሚያርፍበት ስስ ብረት አረንጓዴ ዝገት ለብሶ አገኘሁት። ብረቱን በእርሳስ ላጲስ ፈግፍጌ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጌና በደንብ አድርቄ፣ ባትሪውን አጥብቆ እንዲነካ በጥፍሬ በጥቂቱ ቀና አደረግሁት። አሁን ቁልፉን አንድ ጊዜ ስጫነው በሩ ይከፈታል።