ጅማን በትንሽ ብር፦ ሐሙስን ይዛችሁ ኑ

ጅማ ለመምጣት ቀን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ረቡዕ ማታ ግቡ። ሐሙስ ገበያ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ ሁሌ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። እነሱ ግን ለሠርግ ወይ ለምርቃት ቅዳሜ ይመጡና እሁድ ይሄዳሉ። ከዚያ «ጅማ ምን አላት?» ይሉኛል።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ሳንቲም መቁጠር ልማዴ ነው። እዚህ ግን የብር ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ይለወጣል። ይልቅ ገንዘቡ የት የት እንደሚፈስ ላሳያችሁ። ትልቁ ቀዳዳ ባጃጅ ኮንትራት ነው። ሻንጣ ይዛችሁ ስትታዩ «ኮንትራት ነው?» ይባላል። «አይ፣ በሰው ነው» በሉ። ዋጋውን ደግሞ ሹፌሩን ሳይሆን አጠገባችሁ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ጠይቁ። መሀል ከተማውን ግን በእግር ትጨርሱታላችሁ።

ሐሙስ ጠዋት የጅማ መርካቶ፣ ሂርማታ ገበያ ሂዱ። ጅማ ባሕር ባይኖራትም በዘመኗ ወደብ በሏት። የሲራራ ነጋዴ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከከፋ እየመጣ እዚህ ይገናኝ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌው እዚህ ተለዋውጧል። ባሪያም ተሽጦበታል። ብዙ ሰው ይህንን ቶሎ አልፎት ይሄዳል፤ እናንተ ጠይቁ። ገበያው ውስጥ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ዙሩ። ማር የምትገዙ ከሆነ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ኑ።

ከዚያ በርጩማ። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የማያውቅ የለም፤ ጥሩውን መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። ገልብጡት። እግሮቹና መቀመጫው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ከሆነ መጋጠሚያ አታዩም። ሙጫ ወይም ምስማር ካያችሁ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። ዋንዛ ነው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። እንዳልደረቀ እንጨት የሚያናድድ ነገር የለም፤ ቤት ከገባ በኋላ ይሰነጠቃል። ከበድ ካለና እርጥብ እርጥብ ከሸተታችሁ ተዉት። ክርክሩን በሳቅ አድርጉት። «አካም ጅርቱ» (በኦሮምኛ «እንዴት ናችሁ») ብሎ የጀመረና «ስንት ነው?» ብሎ የጀመረ ሰው እኩል ዋጋ የሚነገራቸው አይመስለኝም።

ጅሬን ለአርብ ጠዋት ይቆይ። እዚያ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ ኮረብታ ላይ ነው። በሰው የሚጭን ባጃጅ እስከሚያደርሳችሁ ሂዱና የቀረውን ዳገት በእግር ውጡ። ክረምት ከሆነ ጭቃ አለ፤ ነጭ ጫማ አታድርጉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የነገሡ ናቸው። ከአፄ ምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ለመገበር ተስማሙ፤ በዚህም ጅማ ከጦርነት ተርፋ ለረጅም ጊዜ ራሷን በራሷ አስተዳደረች። ቤቱ ፎቅ ነው፣ በእንጨት የተሠራ። ሰገነቱን ቀስ ብላችሁ እዩት፤ የእንጨቱን ጥርብ፣ የደረጃውን መደገፊያ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ፤ አስጎብኚ ያዙ። ያለ አስጎብኚ ባዶ ክፍል አይታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ማን የት ተቀምጦ ይፈርድ እንደነበር ሲነገራችሁ ግን ክፍሉ ሰው ይሞላበታል። ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ፤ ሰው ይሰግድበታል። ሴቶች ሻርፕ ያዙ፤ ወንዶችም በቁምጣ አትሂዱ። ሲመለሱ በእግር መውረድ ነው፤ ከተማዋ ከፊት ለፊታችሁ ተዘርግታለች።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። አርብ መሥሪያ ቤት ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋል፤ በሌላው ቀን ከ6:30 እስከ 7:30። የጅማ ሙዚየም በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ እንግዳ ብዙ ጊዜ አያለሁ። የአባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ስለዚህ ከጅሬን በኋላ እንጂ በፊት አትግቡ። ቤቱን ካያችሁ በኋላ ዕቃው ይናገራል።

በምሳ ሰዓት ፈረንጅ አራዳ በኩል በእግር ዙሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ከገባ በኋላ የተሠሩ ቤቶች አሁንም አሉ፤ ማየት በነፃ ነው። ምሳ ሽሮ ወይ በያይነቱ፤ ከዚያ አቮካዶ ጁስ። አቮካዶ ጅማ ላይ ቅንጦት አይደለም። ቡናውን ካፌ ሳይሆን ጀበና ያስቀመጠች ሴት ጋ ጠጡ። ጨው ከተደረገበት አትደንግጡ፤ ቅመሱት።

ቦዬ በአዲስ አበባ መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ረግረጋማ ቦታ ነው፤ ወፍ ይበዛዋል፣ ጉማሬም አለ። አመሻሽ ላይ ጉማሬው ለሣር ይወጣልና ውኃው ዳር አትቁሙ። «ፎቶ ላንሳ» እያለ የሚጠጋ ሰው አብሯችሁ ካለ እጁን ያዙት።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ወደ አጋሮ ሂዱ፣ በሚኒባስ። ከዚያ ጮጬ ቅርብ ነው፤ ፍየሎቹ ቡና በልተው ጨፈሩ የሚባልበት ቦታ። የከፋ ሰዎች፣ ቦንጋዎች፣ «የቡና መገኛ የኛው ነው» ይሏችኋል። እኔ የጅማ ልጅ ስለሆንኩ አልዳኝም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሄዳችሁ ቀዩ ቡና ሲለቀምና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ታያላችሁ፤ በሌላ ጊዜ የምታዩት ቅጠል ነው።

ማረፊያ ብዙ አለ፤ ፔንሲዮን ስትገቡ ውኃውን ከፍታችሁ፣ አልጋውን ገልጣችሁ እዩ፣ ከዚያ ክፈሉ። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሳምንት ከሆነ ግን ሳትደውሉ አትምጡ፤ አልጋ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው።

የመመለሻ ትኬት ከአንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ቁረጡ። አውቶቡሱ የሚወጣው በማለዳ ነው። በርጩማ ከያዛችሁ ጣሪያ ላይ ስለሚጫን በጆንያ ጠቅልሉት፣ ስማችሁን ጻፉበት፤ ለጭነቱ የሚከፈለውንም ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ከረዳቱ ጋር ተነጋገሩ።