ከራውተር ቻርጀር እስከ ሪቨርብ ጎርፍ፦ በቤት ስቱዲዮ ኢፌክት ማሽን ስንጠቀም የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያዋ ዲሌይ ፔዳሌ (ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የምትደግም ትንሽ ማሽን) ጅማ ውስጥ የኖረችው ሁለት ቀን ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ ተጉዛ መጣች፣ ቻርጀሯ ግን አብሯት አልመጣም። ቤት ውስጥ የተበላሸ ራውተር ቻርጀር ነበረ። ጫፉ ሲገባ ልክክ አለ። ልክክ ካለማ የራሷ ነው አልኩና ሰካሁት። ትንሽ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ መብራቷ አንዴ ብልጭ አለች፣ በቃ።

ከዚያ ወዲህ እኔም አብረውኝ የሚሠሩ ልጆችም ብዙ ነገር አበላሽተናል። ፕለጊን (ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ኢፌክት) እያለ ማሽን ምን ያደርጋል የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካውም። በእጅ የሚዞር ነገር እወዳለሁ፣ አለቀ። ግን ማሽን ገዝቶ "ድምፁ አያምርም" ብሎ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ሳይ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሄጄ ሳየው ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ችግሩ ገመዱ ወይም አሰካኩ ነው።

የገባ ቻርጀር ሁሉ የራሱ አይደለም

አብዛኛው ፔዳል የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ ሲሆን የጫፉ መሃል ኔጌቲቭ ነው። የራውተር ቻርጀር ደግሞ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ መሃሉም ፖዘቲቭ። ጫፋቸው ግን መንታ ይመስላል። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ፔዳሉ ላይም ቻርጀሩ ላይም ያለችውን ትንሽ ስዕል እዩ፤ መሃል ላይ ነጥብ ያላት፣ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላት። ቮልቱና ስዕሉ አንድ መሆን አለበት። አምፒሩ ፔዳሉ ከሚፈልገው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ነው ችግሩ።

ትልልቆቹ የራክ ማሽኖች (መደርደሪያ ላይ የሚታሠሩት) ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ዘመድ ከአሜሪካ ሲልክ ማሽኑ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ 100። የኛ ግድግዳ 220 ነው። የሶኬቱን ጫፍ ብቻ ቀይራችሁ ብትሰኩት ያው የኔ ፔዳል ዕጣ ይደርሰዋል። ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ፣ 220 ወይም 230 የማይል፣ እስከ 240ም የማይቀበል ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

መብራት ሲሄድስ? ጅማ የሚኖር ሰው ይሄን አያጣውም። ወዲያው ንቀሉ። ማሽን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ ነው፣ በኃይል ከፍ ብሎ ሲመጣ። ስታቢላይዘር ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን መንቀልን አይተካም። ደግሞ የሠራችሁትን ድምፅ ማሽኑ ላይ ሴቭ አድርጉ። አንድ ሰዓት የፈጀብኝን ሪቨርብ (እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባ ድምፅ) መብራት ወስዶብኛል፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ ድምፅ መልሼ አላገኘሁትም።

ሁለት መውጫ ባለው ሳውንድ ካርድ መታገል

ብዙዎቻችን ያለን ሁለት መግቢያ ሁለት መውጫ ያለው ሳውንድ ካርድ ነው። ሁለቱ መውጫዎች በስፒከር ተይዘዋል። ታዲያ የዘፋኙን ድምፅ ወደ ማሽኑ በየት በኩል እንልካለን? እዚህ ላይ ሰው ይቸገርና ስፒከሩን ነቅሎ ማሽኑን እዚያው ይሰካል፣ የማሽኑን መውጫ ወደ ካርዱ መግቢያ ይመልሳል፣ ከዚያ የሚቀዳውን ትራክ በሶፍትዌሩ በኩል እየሰማ መቅዳት ይጀምራል። የተመለሰው ድምፅ እንደገና ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ከማሽኑ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሆናል። እኔ ሄድፎን አድርጌ ነው የደረሰብኝ፤ አይጣል ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚቀዳውን ትራክ ሞኒተር (እየቀዱ መስሚያውን) አጥፉት። ሌሎቹን ትራኮች ሁሉ ሚዩት አድርጉ፣ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ድምፅ ብቻ ይጫወት፣ የተመለሰውን ቅዱ። አምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ቡና እስኪቀዳ ያልቃል። ሲጨርስ ስፒከሩን መልሱ። አራት መውጫ ያለው ካርድ ካላችሁ ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ለማሽኑ ስጧቸው።

የድምፁን ጉልበት አለማወቅ

ይሄ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

የጊታር ፔዳል የተሠራው ለጊታር ነው። ጊታር የሚያወጣው ሲግናል ትንሽ ነው፣ በሺኛ ቮልት የሚቆጠር። ከሳውንድ ካርድ የሚወጣው ግን የላይን ሲግናል ነው፤ በባለሙያ ደረጃ +4 የሚባለው 1.23 ቮልት ያህል ነው። ያንን ሁሉ ፔዳሉ ላይ ስትለቁበት ይንጫጫል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ "ፔዳሉ ርካሽ ነው" ይባላል። ወደ ፔዳሉ የሚሄደውን በሶፍትዌሩ ከ12 እስከ 20 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ቀንሱትና ስሙት። ሪአምፕ ቦክስ የሚባል ዕቃ ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ግን ባይኖራችሁ በመቀነስ ብቻ ብዙ ርቀት ትሄዳላችሁ።

አንዳንድ የራክ ማሽኖች ጀርባቸው ላይ +4 እና -10 የሚል ማብሪያ አላቸው። በሁለቱ መካከል 12 ዲቢ ገደማ ልዩነት አለ። ይሄን ማብሪያ ሳያዩ ዓመት የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ።

በተቃራኒው ደግሞ እንዳይሰነጠቅ ብሎ ከመጠን በላይ የሚቀንስም አለ። ያኔ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከዘፋኙ እኩል ይሰማል፣ በተለይ በአሮጌ አናሎግ ዲሌይ ላይ። የማሽኑ መብራት አረንጓዴ ላይ እየተጫወተ አልፎ አልፎ ቢጫ ሲነካ ጥሩ ነው። ሲመለስ ደግሞ በ24 ቢት ቅዱ፣ ከፍተኛው ቦታ -12 ዲቢ አካባቢ ይሁን። ቀይ እስኪነካ መግፋት የካሴት ዘመን ልማድ ነው።

ደረቁን ድምፅ ሁለቴ መስማት

ሪቨርብ ወይም ዲሌይ ለብቻው ትራክ ላይ ስትመልሱ ማሽኑ ላይ ያለው ሚክስ መቶ በመቶ ኢፌክት መሆን አለበት። ሃምሳ ላይ ከተዋችሁት ደረቁ ድምፅ (ኢፌክት ያልነካው) አንዴ ከዋናው ትራክ፣ አንዴ ደግሞ ከማሽኑ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ይጠፋፋሉ። አንድ ሚሊሰከንድ ብቻ ቢዘገይ 500 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከዚያ 1500 ላይ፣ 2500 ላይ፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። ዘፋኙ ቱቦ ውስጥ ገብቶ የዘፈነ ይመስላል። ሰው ይሄን ሰምቶ ኢኪው (የወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ያዞራል፣ ማይክ ይቀይራል፣ ዘፋኙን ድገም ይላል።

ኮምፕረሰር (ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ) እና ኢኪው ግን ይለያሉ፤ እነሱ ድምፁን በሙሉ ወስደው በሙሉ ይመልሳሉ። ዋናውን ትራክ ሚዩት አድርጉትና የተመለሰውን ብቻ ተጠቀሙ።

መዘግየቱን መርሳት

ድምፅ ከላፕቶፕ ወጥቶ ማሽን ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ባፈሩ (ድምፁ ከመላኩ በፊት የሚጠራቀምበት ቋት) 256 ናሙና ከሆነ አንዱ መንገድ ብቻ 5.8 ሚሊሰከንድ ነው። ደርሶ መልስ ከ11 ያልፋል። ለሪቨርብ ግድ የለም። ከበሮን በኮምፕረሰር አሳልፋችሁ ከዋናው ጋር ልትደርቡት ከሆነ ግን አንዱ ምት ሁለት ይሆናል። ሪፐር በሚባለው የመቅጃ ሶፍትዌር ላይ ሪአኢንሰርት የሚባለው ፒንግ (አጭር ድምፅ) ልኮ መዘግየቱን ራሱ ይለካል። የእናንተ ሶፍትዌር ከሌለው አንድ ጠቅታ በማሽኑ አሳልፋችሁ ቅዱ፣ ምን ያህል እንደዘገየ እዩ፣ ትራኩን ያንን ያህል ወደ ግራ፣ ወደ መጀመሪያው ጎትቱት።

ለኛ ዜማ የፈረንጅ ፕሪሴት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማኑዋል ላይ አይገኝም። ማሽኑ ላይ ያለው "ትልቅ አዳራሽ" የሚለው ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የመጣ ቅንብር) በትዝታ ሜጀር ላይ ያምራል። ትዝታ ሜጀር ግማሽ ቶን የለውም፣ ኖታዎቹ ቢደራረቡም አይጣሉም። አንቺሆዬ ላይ ግን ሞክሩት። አንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ቶን የሚጎራበቱ ኖታዎች አሉ፣ አምባሰልም እንዲሁ። አራት ሰከንድ የሚቆይ ሪቨርብ ውስጥ እነዚያ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ይጎረብጣሉ፣ ሰሚው ማሲንቆው የተሳሳተ ይመስለዋል። ጭራውን ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል አሳጥሩት፣ ፕሪዲሌይ (ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ክፍተት) ጨምሩ፣ የቃሉ መጀመሪያ ንጹህ ሆኖ እንዲሰማ።

ዲሌይም እንደዚያው። ችክችካ 6/8 ነው። አንዱ ትልቅ ምት በደቂቃ 120 ከሆነ በመካከሉ 500 ሚሊሰከንድ አለ፣ ውስጡ ሦስት ትንንሽ ምቶች፣ እያንዳንዳቸው 167 ገደማ። ዲሌዩን 500 ወይም 167 ላይ አድርጉ። ሶፍትዌሩ የሚሰጣችሁ ሩብ ኖታ 333 ነው፣ ሁለት ትንንሽ ምት ማለት ነው፣ ሦስት ሦስት የሚሄደውን ሁለት ሁለት እየከፈለ ይሄዳል። ሆን ብላችሁ ካደረጋችሁት ያስጨፍራል። ሳታውቁ ካደረጋችሁት ከበሮ መቺው የተሳከረ ይመስላል።

እምምም የሚለው ድምፅ

50 ኸርዝ ነው፣ የመብራታችን ድምፅ። ላፕቶፑ አንድ ግድግዳ፣ ማሽኑ ሌላ ግድግዳ ላይ ሲሰካ ይመጣል። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቧቸው፣ ማሽኑ የሚቀበል ከሆነ ባላንስድ ገመድ (ድምፁን በሁለት ሽቦ እየላከ ጫጫታ የሚቀንስ) ተጠቀሙ። የምድር ሽቦውን ቆርጦ "ጠፋልኝ" የሚል ሰው አለ። ድምፁ ይጠፋ ይሆናል፣ ግን የማሽኑ ብረት አንድ ቀን ሰው ይይዛል። አትንኩት።

ደረቁን ሳይቀዱ ማለፍ

ዘፋኙን በኢፌክት ውስጥ አሳልፎ ያንኑ ብቻ መቅዳት ድፍረት ነው። ደረቁ ሁልጊዜ ይቀመጥ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቀዳሁት አንድ ድምፅ አለ፤ ኮምፕረሰሩ ዝናቡን ከዘፋኙ እኩል አውጥቶት ሪቨርቡ ደግሞ ጎርፍ አደረገው። ደረቁ ስለነበረኝ ግማሹን አተረፍኩ። የማሽኑን ቁልፎችም በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የፎቶውን ስም በዘፈኑ ስም አድርጉት።

ቁልፉ ሲዞር ኮሽ ኮሽ ካለ አቧራ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይለቃል። ዘይት አታድርጉበት። የኔ ማሽን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከረከቦቱ አጠገብ ነበር የኖረው፣ የእጣኑን ጭስ ሁሉ ሲጠጣ። እናቴ "የሱ ዕቃ ይነሳ" ብትል ሁለት ዓመት አልሰማኋትም። አሁን መኝታ ቤት ገብቷል፣ በርጩማውም ለሰው ተመልሷል።