ከዳታቤዝ የመጣ የጃቫ ኦብጀክት ወደ ኤክስኤምኤል አልለወጥ ሲል

ሃይበርኔት (የዳታቤዝ ዳታን ወደ ጃቫ ኦብጀክት የሚቀይር ላይብረሪ) ያመጣውን ኦብጀክት በቀጥታ ለጃክስቢ (የጃቫ ኦብጀክትን ወደ ኤክስኤምኤል ለሚለውጠው) ስንሰጥ የሚገጥሙን ችግሮች የበርካታዎቹ ምንጭ አንድ ነው፦ ኦብጀክቱ ውስጥ ገና ያልተጫነ ዳታን የሚወክሉ ፕሮክሲዎች አሉ። «ደንበኛ» እና «ትዕዛዝ» የሚባሉ ሁለት ክላሶች አሉን እንበል።

«ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን ኤክሴፕሽን» ሲመጣ

ሴሽኑ (ሃይበርኔት ከዳታቤዙ ጋር የሚሠራበት ክፍለ ጊዜ) ከተዘጋ በኋላ ጃክስቢ የደንበኛውን ትዕዛዞች ሊያነብ ሞክሯል ማለት ነው። ትራንዛክሽኑ ሳያልቅ በ«ጆይን ፌች» (ደንበኛውንና ትዕዛዞቹን በአንድ ጥያቄ በሚያመጣው) አምጧቸው። ኤክስኤምኤሉ ውስጥ የማያስፈልጉ ከሆነ ደግሞ «ኤክስኤምኤል ትራንዚየንት» የሚለውን አኖቴሽን (ጃክስቢ እንዲዘላቸው የሚነግር ምልክት) አድርጉባቸው። ብዙ ሰው ማፒንጉን ወደ «ኢገር» (ትዕዛዞቹ ሁልጊዜ ከደንበኛው ጋር አብረው እንዲጫኑ) ይቀይራል፤ እኔ አልመክርም። ለአንድ ፋይል ሲባል ደንበኛን የሚጠራ ኮድ ሁሉ ትዕዛዞቹንም እየጎተተ ይመጣል።

«ኤ ሳይክል ኢዝ ዲቴክትድ» ሲል

ደንበኛው ትዕዛዙን፣ ትዕዛዙም መልሶ ደንበኛውን ይይዛል፤ ጃክስቢ መጨረሻ አያገኝለትም። «ኤክስኤምኤል ትራንዚየንት»ን ከትዕዛዝ ወደ ደንበኛ በሚመለሰው ላይ አድርጉ። አኖቴሽኑን ፊልዱ ላይ አድርጋችሁ ስህተቱ ካልጠፋ አትገረሙ፤ ጃክስቢ ካልተነገረው በቀር የሚያየው ፐብሊክ ጌተሮችን (የፊልዱን ዋጋ የሚመልሱ ሜተዶችን) ስለሆነ ወደ ጌተሩ አዛውሩት።

ስህተት የለም፣ ግን ታጎቹ ጠፍተዋል

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ማንም ሳያስተውለው ጎዶሎ ፋይል ለተቀባዩ ይደርሳልና። የሚከሰተው ጃክስቢ ፊልዶችን እንዲያነብ «ኤክስኤምኤል አክሰስ ታይፕ ፊልድ» ስንለው ነው። የፕሮክሲው የራሱ ፊልዶች ባዶ ናቸው፤ እውነተኛው ዳታ የሚገኘው ጌተር ሲጠራ ከሚደረስበት ሌላ ኦብጀክት ውስጥ ነው። ስለዚህ ፕሮክሲው ከዳታቤዝ ዳታውን ጭኖ ቢጨርስ እንኳ የደንበኛው ስም ናል (ባዶ) ሆኖ ይነበባል፣ ታጉም ይቀራል፤ የ«ኢንት» ፊልድ ከሆነ 0 ተጽፎ ይወጣል። «ሃይበርኔት ዶት አንፕሮክሲ» እውነተኛውን ኦብጀክት ያወጣል፣ ግን በውስጡ ያሉትን ሌሎች ፕሮክሲዎች አይነካም። አስተማማኙ መንገድ ለኤክስኤምኤሉ ብቻ የተጻፈ ተራ ክላስ (ዲቲኦ) ማዘጋጀትና ሴሽኑ ክፍት ሳለ በጌተር እያነበቡ መቅዳት ነው። ኮዱ ይበዛል፤ ነገር ግን የወጣው ሁሉ እናንተ የመረጣችሁት ይሆናል።

ወደ ጃቫ 11 ከተዛወራችሁ በኋላ የጃክስቢ ክላሶች ከጠፉ

ጃክስቢ በ2018 ከወጣው ጃቫ 11 ጀምሮ ከጄዲኬ (ከጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ወጥቷል፤ ኤፒአዩንና ራንታይሙን (ሥራውን የሚሠራውን ክፍል) እንደ ዲፔንደንሲ (የውጭ ላይብረሪ) ጨምሩ። ኢምፖርቱ «ጃቫክስ» (የቀድሞው የፓኬጅ ስም)፣ ራንታይሙ «ጃካርታ» (አዲሱ) ከሆነ አኖቴሽኖቻችሁን አያያቸውም፤ ሁለቱን አንድ አድርጉ።