ለአንድ ዓመት የኢኮኖሚክስ ዲፕሎማ ወደ እንግሊዝ የሚሄድ የቻይና ተማሪ እንዴት ይዘጋጃል?

በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ማንን እንደሚቀበል ይጣራ፤ አንዳንዱ ዲፕሎማ የተዘጋጀው የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዙ ብቻ ስለሆነ ሦስተኛ ዓመቱን በውጭ አገር ለመማር የሚያስብ ተማሪ አይመለከተውም። ከዚያ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና የተተረጎመ ትራንስክሪፕት ተያይዞ ማመልከቻው ይላካል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የውጤት ጉዳይ ነው። በቻይና ማለፊያው ከመቶ 60 ሲሆን ጎበዝ ተማሪ 85ና ከዚያ በላይ ማምጣት ለምዷል፤ በአብዛኞቹ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ ማለፊያ 40 ሲሆን ከፍተኛው ማዕረግ ከ70 ይጀምራል። በኢኮኖሜትሪክስ 68 ያገኘች ተማሪ በእንግሊዝ መለኪያ ጥሩ ሠርታለች፤ ቁጥሩ እንዳለ ወደ አገሯ ትራንስክሪፕት ሲገለበጥ ግን ለጥቂት ያለፈች ትመስላለች። ይህ የደረሰባት አንዲት ተማሪ አማካይ ውጤቷ በመውረዱ፣ ባኦየን የሚባለውንና ያለ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ወደ ማስተርስ የሚያሳልፈውን ዕድል አጥታለች። ዲፓርትመንቱ በቃል «እናስተካክላለን» ብሏት ነበር፤ ስትመለስ ግን ቃሉን የሰጣት ሰው በቦታው አልነበረም።

ስለዚህ ከጉዞው በፊት እያንዳንዱ ኮርስ በየትኛው የአገር ቤት ኮርስ ምትክ እንደሚያዝና ውጤቱ በምን ስሌት እንደሚቀየር ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት መያዝ አለበት። የኮርሶቹ ዝርዝር መግለጫም አብሮ ይያያዝ። የቪዛውን ቅጽ ኤጀንሲ ቢሞላው ግድ የለም፤ ይህን ደብዳቤ ግን ተማሪው ራሱ ሊከታተለው ይገባል፤ ኮርሶቹን የሚያውቃቸው እርሱ ነውና።

ለቪዛው የሚያስፈልገው ገንዘብ ለተከታታይ 28 ቀናት በባንክ ሂሳብ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ለአንድ ቀን እንኳ ከተወሰነው መጠን በታች ከወረደ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። የቻይና ፓስፖርት የያዙ አመልካቾች ማስረጃውን ወዲያውኑ እንዲያስገቡ አብዛኛውን ጊዜ ባይገደዱም፣ በኋላ ሊጠየቁ ስለሚችሉ አዘጋጅተው ይጠብቁ። በቻይና አንድ ሰው በዓመት ሊመነዝር የሚችለው የውጭ ምንዛሪ ኮታ 50,000 ዶላር በመሆኑ፣ ክፍያው ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ወላጆች ባንኩን ቀደም ብለው ያነጋግሩ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም እውቅና በተሰጠው ክሊኒክ ይደረግ።

የባኦየን ምርጫ የሚካሄደው በአራተኛው ዓመት መግቢያ፣ በመስከረም ገደማ ነው። በመሆኑም ተማሪው ከእንግሊዝ ሳይወጣ ትራንስክሪፕቱ መቼ እንደሚወጣ ሬጅስትራሩን ጠይቆ፣ በቀጥታ ወደ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲው እንዲላክለት ማመልከቻውን ያስገባ።