የካሚንያው ፌሪ ቆሟል? የሚንዮን ወንዝ እንዲህ ተሻገሩ

ከፖርቱጋሏ ፖርቶ ተነስቶ በባሕር ዳርቻው መንገድ በስፔን ወዳለችው ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ፣ ወደ ዘብዴዎስ ልጅ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የሚጓዝ ተሳላሚ፣ ካሚንያ ሲደርስ ፖርቱጋል ታልቅበታለች። ከፊቱ የሚንዮ ወንዝ ነው። ማዶ ያለችው አ ጉዋርዳ የስፔን ከተማ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው ትልቅ ጀልባ፣ ፌሪው፣ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የወንዙ አፍ አሸዋ ይሞላዋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ትልቅ ጀልባ የሚሄድበት ውሃ ያጣል።

መጀመሪያ፣ ካሚንያ ከመድረሳችሁ በፊት በነበረው ምሽት ጠይቁ። ቪያና ዶ ካሽቴሎ አካባቢ ያደራችሁበት ማደሪያ ሰዎች ወሬው አላቸው። የጀልባ ሰዓት ሲነገራችሁ በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አጣሩ፤ ስፔን ከፖርቱጋል በ1 ሰዓት ትቀድማለች።

ቀጥሎ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎችን ሞክሩ። ተሳላሚ የሚያሻግሩ የግል ጀልባዎች አሉ። ጥልቅ ውሃ ስለማይፈልጉ ፌሪው በቆመበት ጊዜም ሊሄዱ ይችላሉ። ማደሪያችሁ እንዲደውልላችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ላይፍ ጃኬት ካልሰጧችሁ አትሳፈሩ። ወንዙ እዚህ ከአትላንቲክ ጋር ስለሚገናኝ ነፋስና ሞገድ ይበረታል፤ ባለጀልባው “ዛሬ አይሆንም” ካለ አትለምኑት። ውሃው ጎድሎ አሸዋው ብቅ ስላለ ብቻ በእግር ለመሻገር ፈጽሞ አታስቡ። መሃል ላይ ጥልቅ ነው፣ ይወስዳል።

ጀልባ ከሌለ ድልድይ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህን መንገድ ነው የምወደው። ወንዙን በግራችሁ አድርጋችሁ ወደ ላይ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ቪላ ኖቫ ዴ ሰርቬይራ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ሜዳማ ነው፤ ብዙው ክፍል ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የወዳጅነት ድልድይ ጎያን ወደምትባል የስፔን መንደር ያሻግራል። የባሕሩን መንገድ የሙጥኝ ያለ ሰው ከጎያን ወደ አ ጉዋርዳ በወንዙ ማዶ መልሶ ይወርዳል፤ ወይ ታክሲ ይይዛል። ከአ ጉዋርዳ በኋላ በዚሁ መንገድ ያለው የኦያ ገዳም ባሕሩ አፍ ላይ ነው የቆመው፣ የባዮና ከተማም ታምራለች፤ ለእነሱ ሲባል መመለሱ ያዋጣል።

ካልሆነ በፖርቱጋል በኩል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥላችሁ ቫሌንሳ ግቡ። እ.ኤ.አ. በ1886 የተሠራው የብረት ድልድይ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ባቡሩ ከላይ፣ መኪናና እግረኛ ከታች ያልፋሉ። ማዶ ቱይ ናት። ከዚያ ከባሕሩ ራቅ ብሎ የሚሄደውን መካከለኛውን የፖርቱጋል መንገድ ትይዛላችሁ፤ እሱና የባሕር ዳርቻው መንገድ ሬዶንዴላ ላይ ይገናኛሉ።

እግር ከደከመ ባቡር አለ። የሚንዮ መስመር ካሚንያ፣ ሰርቬይራና ቫሌንሳ ላይ ይቆማል። “ባቡር ከያዝኩ ሳንቲያጎ ሲደርሱ ለተሳላሚ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ይቀርብኛል” ብለው የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። አይቀርም። በእግር እንድትሄዱ የሚጠየቀው የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቱይ ደግሞ ከሳንቲያጎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በተሳላሚ ደብተራችሁ ላይ 2 ማህተም ማስመታት አትርሱ።

ከካሚንያ ቱይ ድረስ በአንድ ቀን ለመግባት ግን አትጣደፉ፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሰርቬይራ ላይ አልጋ ያዙና እደሩ።