ኦዲተሩ የጠየቀው ኢሜይል አርካይቭ ውስጥ የለም፦ ችግርና መፍትሄ

አርካይቭ የምለው የድርጅቱ ኢሜይል ኮፒ ተሰብስቦ የሚቆይበትን ሥርዓት ነው። ዲስኩ አለመሙላቱን፣ ላይሰንሱ አለማለቁን፣ ሰርቪሱ አለመቆሙን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ላኪው «ልኬዋለሁ» ይላል፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ይላል፣ አርካይቩ ውስጥ ግን ምንም የለም

በብዛት የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ስም እየተቀየረ፣ ቀን እየሰፋ ይፈለጋል። ከዚያ ሁሉም ሰርቹን ይረግማል። ሰርቹ ምንም አላጠፋም። መልእክቱ መጀመሪያውኑ አርካይቩ ውስጥ አልገባም።

ምክንያቱ አርካይቩ ኮፒ የሚወስደው ከሜይልቦክስ መሆኑ ነው፣ ያውም ማታ ማታ። ጠዋት የመጣው ቀን ላይ ከተሰረዘ ማታ ምን ይገኛል? አንድ ድርጅት ውስጥ ኢንቦክሱ ባዶ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው የግዥ ሠራተኛ ነበር። አንብቦ ይመልሳል፣ ወዲያው ሺፍት ዲሊት፣ ማለትም ወደ ቆሻሻ መጣያው ፎልደር እንኳ ሳይገባ ይሰርዘዋል። ተንኮል የለበትም። ግን የአንድ ውል ድርድር እንዳለ ጠፋ፤ ኮፒው የተገኘው ሌላኛው ወገን ተለምኖ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ «እኛማ በየቀኑ አርካይቭ እናደርጋለን» አሉኝ። ሲያሳዩኝ አውትሉክ ላይ ያለችው «አርካይቭ» የምትል ቁልፍ ናት! እሷ መልእክቱን ወደ ሌላ ፎልደር ታዛውራለች እንጂ ከመሰረዝ አታድነውም።

መፍትሄው ጆርናሊንግ ነው። ኮፒው መልእክቱ ሰርቨሩን ሲያልፍ ይወሰድ። ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር) ዋናውን መልእክት አታችመንት አድርጎ፣ ከላዩ የተቀባዮቹን ዝርዝር ጽፎ ይልካል። በቢሲሲ (ስሙ ለሌሎቹ ሳይታይ) የተላከለትን ሰውና የግሩፑን አባላት የምታውቁት ከዚያ ሽፋን ነው። ሽፋኑን ጥሎ ውስጡን ብቻ የሚያስቀምጥ ርካሽ ሶፍትዌር አለ፤ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ኤክስቼንጅ ኦንላይን (የክላውዱ ኤክስቼንጅ) ላይ የጆርናሉ መቀበያ እዚያው ያለ ሜይልቦክስ ሊሆን አይችልም። የውጭ አድራሻ ስጡት። ያ አድራሻ አልቀበልም ሲል የሚመለሱት ሪፖርቶች የሚያርፉበት ተለዋጭ ሜይልቦክስም አዘጋጁ፣ የሚያየውም ሰው መድቡ። ማንም ከፍቶት የማያውቅ ተለዋጭ ሜይልቦክስ አፉ ድረስ ሞልቶ አይቻለሁ።

ሲያልቅ ፈትኑት። ለአንድ ሰው በቢሲሲ ላኩ፣ በሁለቱም በኩል አጥፉት፣ ከዚያ በዚያ ሰው ስም አርካይቩን ፈልጉ። ካልመጣ ሥራው አላለቀም።

ተጠንቀቁ፦ ጆርናሊንግ ያለፈውን አይመልስም። ኤክስቼንጅ ኦንላይን ሴቲንጉን ካልነካካችሁት የተሰረዘን መልእክት 14 ቀን ያቆያል፣ ቢበዛ ወደ 30 ይራዘማል። የሚፈለገው ትናንት የተሰረዘ ከሆነ ሌላውን ትታችሁ መጀመሪያ ሜይልቦክሱን ሆልድ (ምንም ነገር ጨርሶ እንዳይጠፋ የሚያግድ ሴቲንግ) ላይ አድርጉ።

ምልክት፦ የአንድ ሠራተኛ የዓመታት ኢሜይል ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው

ፒኤስቲ ፋይል ነው፤ አውትሉክ ኢሜይል ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጥበት ፋይል። ባለቤቱ እንዳሻው ይሰርዝበታል፣ ላፕቶፑ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ሰብስባችሁ ወደ አርካይቩ አስገቡና አዲስ እንዳይከፈት በግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሴቲንግ ከአንድ ቦታ በሚያዘው) ዝጉ። «ባክአፕ አለን» የሚል መልስ አልቀበልም። ባክአፕ በራሱ ላይ እየተጻፈ ይሄዳል፤ በሁለት ባክአፕ መሃል መጥቶ የተሰረዘውንም አያውቀውም።

ምልክት፦ ኢሜይሉ አለ፣ ፋይሉ የለም

አታችመንት ሳይሆን የክላውድ ሊንክ ነው የተላከው። በተላከበት ሰዓት የነበረው የፋይሉ ቅጂ አብሮ እንዲቀመጥ አድርጉ።

ምልክት፦ በይዘት ሲፈለግ አይወጣም

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ወይም በፓስዎርድ የተቆለፈ ፋይል ነው። ለመጀመሪያው ኦሲአር፣ ማለትም ምስል ላይ ያለን ጽሑፍ አንብቦ ወደሚፈለግ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር። ለሁለተኛው ባለቤቱ ሥራውን ሳይለቅ ፓስዎርዱን ተቀበሉት።

ምልክት፦ ቀኑ በአንድ ይዛነፋል

ምክንያቱ አርካይቩ ሰዓቱን የሚመዘግበው በአካባቢያችሁ ሰዓት ሳይሆን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት መሆኑ ነው። የፍለጋውን ቀን በሁለቱም በኩል አስፉ።

ምልክት፦ ጊዜው ሳይደርስ ተሰረዘ፣ ወይም ጨርሶ አይሰረዝም

የማቆያ ጊዜውን ከሕጉ ውሰዱ። ለምሳሌ የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ የኤስኢሲ ደንብ 17ኤ-4 የአክሲዮን ደላሎች የሥራ መልእክቶቻቸውን ቢያንስ 3 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት በቀላሉ በሚገኝ ቦታ። «ለማንኛውም ሁሉንም ለዘላለም» የሚለውም አያዋጣም፤ የአውሮፓው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ጂዲፒአር የግል መረጃን ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ማቆየት ይከለክላል። አውቶማቲክ መሰረዣውን ከማብራታችሁ በፊት ክርክር ወይም ምርመራ ያለባቸው ሜይልቦክሶች ሆልድ ላይ መሆናቸውን ከሕግ ክፍሉ በጽሑፍ ተቀበሉ።