ሞዴል አውሮፕላናችሁ ለምን አልበር አለ? የዲዛይን ፕሮጀክት ችግርና መፍትሄ ለአዳማ ተማሪዎች

በኤሮስፔስ መግቢያ ኮርስ ላይ ግሩፕ ተመድባችሁ የፎም ሞዴል አውሮፕላን ሠርታችሁ እንድታበሩ ከታዘዛችሁ፣ ከታች ካሉት ችግሮች ቢያንስ ሁለቱ አይቀሩላችሁም። ስሌቱ እንዳይበታተን ለሁሉም አንድ ምሳሌ እንያዝ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር፣ ኮርዱ (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ወርድ) 20 ሳንቲ ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 0.24 ካሬ ሜትር፣ ጠቅላላ መጠነ ቁሱ ከነባትሪው 800 ግራም ነው።

ምልክት፦ ፕላኑን ከኢንተርኔት አውርደን ልክ በልኩ ሠራነው፤ ስንወረውረው ግን ሳይነሳ ይወድቃል

ሞተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት አየሩን አስሉ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አብዛኞቹ ፕላኖች በዝቅተኛ ቦታ የተሞከሩ ናቸው፤ አዳማ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት 83 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ግፊቱን ለ287 (የአየር ጋዝ ቋሚ ቁጥር) እና በኬልቪን ለተገለጸው ሙቀት ብዜት አካፍሉት፤ በ30 ዲግሪ ቀን 83,000 ÷ (287 × 303) = 0.95 ኪሎ ግራም በሜትር ኪዩብ ይመጣል። በባህር ጠለል መደበኛው እፍግታ 1.225 ስለሆነ የቀራችሁ 78 በመቶው ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ስቶል ፍጥነት (ከዚያ በታች ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት) ውስጥ ይገባል። ከፍተኛውን የሊፍት ኮፊሸንት (የክንፉን የማንሳት አቅም የሚገልጸው ቁጥር) 1.1 ብንወስድ፣ ያው 800 ግራም አውሮፕላን በአየር ላይ ለመቆየት በባህር ጠለል ቢያንስ በሰከንድ 7.0 ሜትር ሲፈልግ አዳማ ላይ 7.9 ይፈልጋል። ለደህንነት 1.2 እጥፍ ስታደርጉት በሰከንድ 9.5 ሜትር ገደማ መወርወር አለባችሁ ማለት ነው፤ በእጅ ቀላል አይደለም።

መፍትሄው ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። አንደኛ፣ ሸክሙን መቀነስ፦ የባህር ጠለሉን 7.0 ለመመለስ 800ው ወደ 620 ግራም መውረድ አለበት። ሁለተኛ፣ ክንፉን ማስፋት፦ ኮርዱን ሳትነኩ ርዝመቱን ወደ 1.55 ሜትር ማድረስ። ሦስተኛው ነፃ ነው፦ በማለዳ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሲሆን እፍግታው ወደ 1.00 ይጠጋል፤ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ ወርውሩ። በሰከንድ 3 ሜትር ነፋስ ካለ ከእጃችሁ የሚጠበቀው 6.5 ብቻ ነው። ግን አዳማ በድምሩ ከ200 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም፤ ነፋሱ ከስቶል ፍጥነታችሁ ግማሽ ካለፈ አውሮፕላኑን ወደ ክፍል መልሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ግሩፕ የሚወድቅበት አንድ ወጥመድ አለ። የስልክ የአየር ሁኔታ አፕ የሚያሳየው 1,015 ሄክቶ ፓስካል ወደ ባህር ጠለል ተስተካክሎ የተሰላ ግፊት ነው። እሱን ፎርሙላው ውስጥ ካስገባችሁ 1.17 ይወጣል፣ ችግሩም የለም ያሰኛል። መውሰድ ያለባችሁ ባሮሜትር ቦታው ላይ የሚያነበውን ነው።

ምልክት፦ አፍንጫውን ያነሳል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ያነሳል

ወይ ሲጂው (የክብደት ማዕከሉ) ወደ ኋላ ሄዷል፣ ወይ ኤሌቬተሩ (ጅራቱ ላይ ያለው፣ አፍንጫውን የሚያነሳና የሚያወርድ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን የምትለዩት በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ባትሪውን አስገብታችሁ ክንፉን በሁለት ጣት ከስር ደግፉ። ሚዛኑ ከፊት ጠርዝ 25 በመቶ ላይ፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ላይ እስኪሆን ባትሪውን ወደፊት ግፉ። አሁንም የሚዋዥቅ ከሆነ ጥፋቱ የኤሌቬተሩ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር እየቀነሳችሁ ለስላሳ ሣር ላይ ወርውሩ። ሁለቱን በአንድ ውርወራ አትቀይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

ሲጂው ልክ ሆኖም አፍንጫው ዝም ብሎ ወደፈለገበት የሚሄድ ከሆነ አግድም ጅራቱ ትንሽ ነው። የጅራቱን ስፋት ከሲጂ እስከ ጅራቱ ባለው ርቀት አባዙ፣ ከዚያ ለክንፉ ስፋትና ለኮርዱ ብዜት አካፍሉ። ለጀማሪ አውሮፕላን 0.5 አካባቢ ደህና ነው። ርቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በምሳሌያችን 400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ጅራት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ በወረቀት 650 ግራም ነበር፣ ሚዛን ላይ 830 ሆነ

ሙጫ፣ ሽቦ፣ ቴፕና ቀለም ሠንጠረዡ ላይ አልነበሩም። በተለይ ከግሉ ጋን የሚወጣ ሙጫ ከባድ ነው፤ ጅራት ላይ ሲፈስ ደግሞ ዋጋው ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ከሲጂ 60 ሳንቲ ሜትር ኋላ ላይ የጨመራችሁትን 10 ግራም ለማመጣጠን 25 ሳንቲ ሜትር ፊት ላይ 24 ግራም ያስፈልጋችኋል፤ 10 ግራም ብላችሁ 34 ተሸከማችሁ።

ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ዓምድ ክፈቱ፦ የተገመተ፣ የተመዘነ፣ ከአፍንጫው ያለው ርቀት። ግምቱ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ክፍሉን ከማጣበቃችሁ በፊት በኩሽና ሚዛን መዝኑት፤ ከተጣበቀ በኋላ መመዘን አይቻልም። ሱፐር ግሉ ነጩን የማሸጊያ ፎም እንደሚበላ ደግሞ በቁራጭ ላይ ሞክራችሁ እዩ እንጂ በክንፉ ላይ አትማሩት።

ምልክት፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ አውሮፕላኑ ግን አይጎትትም

በመጀመሪያ ፕሮፔለሩን ተመልከቱ። ቁጥሩ የተጻፈበት ፊት ወደ በረራው አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ሲታሰር ይሠራል፣ ግን ደካማ ነው። ሞተሩ በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለቱን አቀያይሩ። የባትሪውን ቀይና ጥቁር ከቀያየራችሁ ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ይቃጠላል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ከደከመ እንደገና አየሩ ነው፦ በተመሳሳይ ዙር ትረስቱም (ፕሮፔለሩ የሚጎትትበት ኃይል) ወደ 78 በመቶ ይወርድባችኋል። ከ10 ኢንች ወደ 11 ኢንች ፕሮፔለር ብታልፉ በተመሳሳይ ዙር ትረስቱ ከባህር ጠለሉ በ14 በመቶ ይበልጣል፤ የሚበላው ኃይል ግን በ26 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ዋት ሜትር ሳታስገቡ አትቀይሩ። 30 አምፔር ኢኤስሲ ላይ ሙሉ ጋዝ ለ10 ሰከንድ ሰጥታችሁ ከ24 አምፔር በላይ ካነበበ ፒቹን (የፕሮፔለሩን ምላጭ ዝንባሌ) ቀንሱ። የምትፈልጉት ትረስት የክብደቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው፤ ለ800 ግራም ከ400 እስከ 560 ግራም።

ምልክት፦ ሲለቀቅ ወደ ግራ ይገለበጣል

ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ወደ ግራ ይጠመዝዘዋል። ሞተሩን 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 2 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሉት፤ ከሞተር መቀመጫው ጀርባ ቀጭን ዋሸር መጨመር ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ሞተሩን አጥፍታችሁ ወርውሩት። ያኔም የሚገለበጥ ከሆነ ክንፉ ተጣሟል፤ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና የትኛው ጫፍ እንደተነሳ ታያላችሁ።

ምልክት፦ ኤክስኤፍኤልአር5 (የክንፍ ማስሊያ ፕሮግራሙ) ክንፉን አላሰላም ይላል፣ ወይም ያሰላል ግን ከበረራው አይገጥምም

አላሰላም ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍጥነት ሲባዛ በኮርድ፣ ሲካፈል ለኪነማቲክ ቪስኮሲቲ) ክልል ጠባብ መሆኑ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ላይ የእናንተ ክንፍ 100,000 አካባቢ ነው፤ ፖላሮቹን (የክንፉ ቅርጽ በየአንግሉ የሚሰጠውን ሊፍትና ድራግ የሚያሳዩትን ሠንጠረዦች) ከ20,000 እስከ 300,000፣ ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚሠራውን አንግል ከ-5 እስከ 12 ዲግሪ አስልታችሁ መልሱት። አስልቶ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን 1.225 አልቀየራችሁትም። 0.95 አስገቡ፤ ኪነማቲክ ቪስኮሲቲውንም (የአየሩ ዝልግልግነት ለእፍግታው ሲካፈል) ወደ 0.0000196 ካሬ ሜትር በሰከንድ ቀይሩ። ሊፍትን ጥሩ አድርጎ ይገምታል፤ ድራጉን (የአየሩን ተቃውሞ) ግን ከእውነቱ አሳንሶ ነው የሚሰጣችሁ፣ ምክንያቱም የሞተር መቀመጫውን፣ የሽቦውንና የቴፑን ጠርዝ አያያቸውም።

ምልክት፦ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ልክ ነው፣ ሲገጣጠም ግን አይገጥምም

ይህ የሥነ ምግባር ችግር አይደለም፣ የሰነድ ችግር ነው። ጅራቱን የሠራው ልጅ ሲጂው 7 ሳንቲ ሜትር ላይ የነበረበትን የድሮ ፋይል ይዟል፤ ፋይሉ “ፋይናል 2” ይላል፣ “የመጨረሻ ፋይናል” ደግሞ ሌላ ስልክ ላይ አለ። አንድ ገጽ አውጡ፤ በላዩ ላይ ጠቅላላ መጠነ ቁስ፣ የሲጂ ቦታ፣ የክንፍ ስፋት፣ የጅራት ርቀትና የባትሪ መጠን ብቻ ይስፈር። ገጹን የሚቀይረው አንድ ሰው ይሁን፤ ሲቀይር ቀንና ምክንያት ይጻፍ።

አሃድም እዚያው ይጻፍ። ግራምንና ኒውተንን ማምታታት የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም፦ የናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ቡድን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰላ ነው።

ምልክት፦ ጥቂት ደቂቃ በርሮ ሰርቮዎቹ (ኤሌቬተሩን የመሳሰሉትን የሚያንቀሳቅሱት ትናንሽ ሞተሮች) በድንገት ሞቱ

ባትሪው ወርዶ ቮልቴጁ ሲወድቅ ለሪሲቨሩ (የሬዲዮ ምልክት ተቀባዩ) የሚደርሰው 5 ቮልት ይቋረጣል። ባለ 3 ሴል ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው፤ ከጭነት ውጪ 11.1 ሲደርስ አሳርፉ። ሰዓት ቆጣሪ ያዙ፤ የመጀመሪያው በረራ ከ3 ደቂቃ አይለፍ። በረራው ካለቀ በኋላ ባትሪውን በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡት እንጂ ሞልታችሁ ወይም ጨርሳችሁ እስከሚቀጥለው ሳምንት አትተዉት። የሜዳውን የበረራ ፈቃድ ደግሞ ከበረራው ቀን ብዙ ቀደም ብላችሁ በዩኒቨርሲቲው በኩል ጠይቁ።